ደዶ ላይ 24 የአፕል ዛፍ ተተክሎ ፍሬ የጠፋበት ምክንያት

ከጅማ ከተማ ወደ ደቡብ ወደ ደዶ ስትወጡ ደጋው ላይ፣ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ አካባቢ፣ አንድ ጓሮ አለ። ውስጡ 24 የአፕል ዛፍ አለ፣ በ2010 ዓ.ም ክረምት መግቢያ ላይ የተተከሉ። ባለቤቱን ሰፈሩ በሙሉ ሃጂ ነው የሚላቸው፣ እኔም እዚህ እንደዛው እላቸዋለሁ። ግራፍት የተደረገ (ማለትም የሚፈለገው ዓይነት ቅርንጫፍ ሌላ ሥር ላይ የተቀጠለ) አፕል ጥሩ እንክብካቤ ካገኘ በሦስት በአራት ዓመቱ ማፍራት ይጀምራል፣ የሃጂ ግን 2015 ላይ ደርሶ እንኳን ከጥቂት ጎባጣ ፍሬ በስተቀር ምንም አልሰጠም። ፍግ ጨመሩ፣ ዩሪያ ጨመሩ፣ መድኃኒት ረጩ፣ ውሃ አጠጡ፣ ምንም። መጨረሻ ላይ ቆርጠው ባህር ዛፍ ሊተክሉበት ወሰኑ። ጅማ ዩኒቨርሲቲ የምትማረው ልጃቸው ናት የደወለችልኝ፣ ከተማ ውስጥ አቮካዶና ሌላ የፍራፍሬ ችግኝ ግራፍት እንደማደርግ ከጓደኞቿ ሰምታ፣ "ጋሼ አባቴ ሊቆርጣቸው ነው፣ ከመቁረጡ በፊት አንዴ ይዩልን" አለችኝ።

ስለዚህ ጓሮ ዘርዘር አድርጌ የምጽፈው እዚህ የነበረው ችግር በጅማ ዞን ደጋዎች ብዙ ቤት ውስጥ ያለ ስለሆነ ነው፣ እና ሁሉም ሰው መልሱን የሚፈልገው ማዳበሪያ ላይ ነው፣ መልሱ ግን የዛፉ ዓይነት ላይ ነበር።

መጀመሪያ ሰው ሁሉ የሚለውን ላንሳ። "ጅማ ለአፕል ይሞቃል" ይባላል። ከተማው ከሆነ እውነት አለው፣ ከተማው 1,700 ሜትር ምናምን ላይ ነው ያለው፣ ዝናቡም ብዙ ነው፣ ቅጠሉ ላይ የሚወጣው ነጭ ዱቄት የመሰለ በሽታና ጥቁር ጠባሳ የሚያመጣው ፈንገስ አያስቀምጥም። ደጋው ግን ሌላ ነገር ነው፣ በየ100 ሜትር ሽቅብ ስትወጡ ሙቀቱ ከግማሽ ዲግሪ በላይ ይቀንሳል፣ ስለዚህ ደዶ ላይ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ከጅማ ሌሊት ጋር አይወዳደርም። አፕል ከእንቅልፉ ነቅቶ በደንብ እንዲያብብ ከ7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች የሆነ የቅዝቃዜ ሰዓት ይፈልጋል፣ ይሄ ሰዓት ደግሞ እንደ ቫራይቲው (እንደ አፕሉ ዓይነት) በጣም ይለያያል። የአውሮፓዎቹ ዓይነቶች ብዙዎቹ 800 ሰዓትና ከዚያ በላይ ይፈልጋሉ። አና የምትባለው እስራኤል ውስጥ ለሞቃት አገር ተብላ የተዳቀለች፣ ዶርሴት ጎልደን የሚባለው ደግሞ ባሃማስ ደሴት ላይ የተገኘ፣ ሁለቱም ከ300 ሰዓት በታች ይበቃቸዋል። ስለዚህ "ይሞቃል ወይስ አይሞቅም" ብሎ ከመከራከር በፊት "የትኛው አፕል?" የሚለው ጥያቄ መምጣት አለበት።

ሃጂን ስጠይቃቸው የመለሱልኝን እስካሁን ለሰው ሁሉ እነግራለሁ። "ልጄ፣ ቡና ቢሆን 74110 ነው ወይስ 74112 ብዬ ሳልጠይቅ አልገዛም ነበር። አፕሉን ግን የጨንቻ አፕል ነው አሉኝ፣ ገዛሁ።" ታች ቆላው ጫፍ ላይ ቡና አላቸው፣ የመልኮ ግብርና ምርምር ማዕከል ያወጣቸውን የቡና ዓይነት ቁጥሮች በቃላቸው ነው የሚያውቁት፣ የትኛው የቡና በሽታ እንደሚችል የትኛው ቶሎ እንደሚደርስ ይነግሯችኋል። አፕል ላይ ግን የሻጩን ቃል ብቻ ይዘው ገቡ፣ ሻጩም ጨንቻ የሚል ስም ሰጥቶ ሄደ። ጨንቻ ቦታ ነው። ጋሞ ደጋ ላይ ሚሲዮናውያን አፕሉን ካስገቡት በኋላ እዚያ አና አለ፣ ዶርሴት ጎልደን አለ፣ ግራኒ ስሚዝ፣ ጎልደን ዴሊሸስ፣ ጋላ፣ ክሪስፒን፣ ጆናጎርድ፣ ሌላም ሌላም አለ። ከጨንቻ መጣ ማለት ከነዚህ የትኛው እንደሆነ አይናገርም።

ቡና ላይ ያለው ልምድ ሌላም ነገር አበላሽቷል። የኛ ቡና አረቢካ ነው፣ አንድ እግር ቡና ብቻውን ጓሮ ላይ ቢቆም በራሱ አበባ ራሱን አዳቅሎ ያፈራል። ስለዚህ ጅማ ውስጥ ያደገ ሰው "ዛፉ ካበበ ያፈራል" ብሎ ነው የሚያስበው፣ ልክም ነው፣ ለቡና። አፕል ግን የራሱን የአበባ ብናኝ አብዛኛውን ጊዜ አይቀበልም፣ ከሌላ ቫራይቲ የመጣ ብናኝ ይፈልጋል። ከአንድ ዛፍ በግራፍት የተባዙ 100 አና ጎን ለጎን ቢቆሙ ለዛፉ ያው አንድ አና ማለት ነው፣ አይደጋገፉም።

ዛፎቹን እያንዳንዳቸውን ማየት ጀመርን። ይሄኛውን ክፍል ረዘም አድርጌ የምነግራችሁ ብዙ ሰው ፎቶ አንስቶ ልኮ "ይሄ ምንድነው?" ስለሚል ነው፣ በአንድ ፎቶ ደግሞ አይታወቅም። ደጋ ላይ ሌሊቱ ቀዝቃዛ ቀኑ ፀሐያማ ስለሆነ ቀይ ቀለም ይጠነክራል፣ ቢጫ መሆን ያለበት ፍሬ እንኳን ፀሐይ ያገኘው ጎኑ ሮዝ ይላል፣ ቅጠል ውስጥ የተደበቀው ደግሞ ቀይ መሆን ሲገባው አረንጓዴ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ከአንድ ዛፍ ላይ ከተለያየ ጎን የተወሰደ ብዙ ፍሬ ነው የሚያስፈልገው፣ ያንንም ከቅጠሉ፣ ከቅርንጫፉ፣ ከግንዱ ጋር አንድ ላይ ማየት። ልጅቷ ደብተር ይዛ ለየዛፉ ቁጥር ሰጠች፣ ከበሩ ጀምሮ ከ1 እስከ 24፣ እና ያየነውን ሁሉ ጻፈች። እውነቱን ለመናገር ሥራውን ያዳነው ያ ደብተር ነው።

መጀመሪያ ያየነው ከመሬት አጠገብ ያለውን ግንድ ነው። ግራፍት የተደረገበት ቦታ እብጠት ወይም ጠመም ያለ ነገር ይኖረዋል፣ ከሱ በላይ ያለው የምትፈልጉት ቫራይቲ ነው፣ ከሱ በታች ያለው ሩትስቶኩ ነው፣ ሥሩን የሚሰጠው ሌላ ዓይነት ዛፍ። 4 ዛፎች ላይ እብጠቱ ላይ የደረቀ ጉቶ ብቻ ነው ያለው፣ ከጉቶው ሥር አራት አምስት ቀጭን ግንድ ወጥቶ ቁጥቋጦ ሆኗል፣ ቅጠላቸው ትንንሽ ነው፣ ግንዳቸው ላይ ሥር ሊያወጣ የተዘጋጀ ጉብ ጉብ ያለ ነገር አለ። ማለትም ቫራይቲው ሞቷል፣ ሃጂ አምስት ዓመት ሙሉ ውሃ ያጠጡት ሩትስቶኩን ነው። ይሄንን ስነግራቸው ዝም አሉ፣ ከዛ "ፍየሏ ነች" አሉ፣ በተተከሉ ዓመት ፍየል ገብታ ነበር አሉ። ሊሆን ይችላል፣ ፍየል ጫፉን ከበላችው ከታች ያለው ነው የሚነሳው።

ሁለተኛ የተለዩት 11 ዛፎች ናቸው። እነዚህ ላይ ነው ያቺ ጥቂት ጎባጣ ፍሬ የነበረችው። ፍሬው ረዘም ያለ ነው፣ ታችኛው ጫፉ ላይ ጠበብ ብሎ ጉብ ጉብ ያለ፣ ቆዳው ቢጫ አረንጓዴ ሆኖ ፀሐይ ያየው ጎኑ ቀይ፣ ሥጋው ነጭ፣ ጣፋጭ ሆኖ ትንሽ ቆምጠጥ የሚል። ዓመቱን ሙሉ አንዳንድ አበባ ይታይበታል፣ ጓሮው ውስጥ ካሉት ሁሉ ቀድሞ የሚያብበውም እሱ ነው። ይሄ አና ነው፣ በዚህ ብዙም አልተጠራጠርኩም። ግን ፍሬውን በአግድም ስንቆርጠው ዋናው ነገር ታየ። አፕል በአግድም ሲቆረጥ አምስት ክፍል ያለው ኮከብ ይታያል፣ በየክፍሉ ብዙ ጊዜ ሁለት ሁለት ዘር ይኖራል፣ ስለዚህ በደንብ የተዳቀለ ፍሬ ወደ 10 ዘር ሊይዝ ይችላል። የሃጂ ፍሬዎች አንዳንዱ አንድ ዘር፣ አንዳንዱ ሁለት፣ አንዳንዱ ባዶ። ዘር የሌለበት ጎን ደግሞ አያድግም፣ ለዛ ነው ፍሬው የጎበጠው። ሃጂ በሽታ መስሏቸው መድኃኒት ሲረጩ ነበር፣ እሱም አበባ ላይ፣ የሚመጣውንም ንብ ጭምር የሚያባርር።

ሦስተኛው 7 ዛፍ ነው፣ በጣም የሚያምሩት፣ ሰው ሲገባ መጀመሪያ የሚያደንቃቸው። ቅጠላቸው ትልቅና ወፍራም፣ ጉልበታቸው ሌላ፣ አበባቸው ጥቂትና ዘግይቶ የሚመጣ። 2015 ላይ ከሁሉም የተገኘው በጣት የሚቆጠር ፍሬ ነው፣ ግን ትልልቅ፣ አረንጓዴ ወደ ቢጫ የሚሄድ። ስንቆርጠው ዘሩ ጠፍጣፋና ጭምድድ ያለ ነው፣ ሙሉ የሆነ ዘር የለም ማለት ይቻላል። ትልቅ ቅጠል፣ ትልቅ ፍሬ፣ የተጨማደደ ዘር አንድ ላይ ሲመጡ በተለመደው ሁለት ፈንታ ሦስት ስብስብ ክሮሞሶም (ውርስ የሚሸከመው የሴል ክፍል) ያለው ዓይነት መሆኑን ይጠቁማሉ፣ ጨንቻ ላይ ካሉት መሀል እንደዚህ የሆኑት ክሪስፒንና ጆናጎርድ ናቸው። ጆናጎርድ ቀይ ነው፣ ይሄ ፀሐይ ላይ ያለው ፍሬ እንኳን አልቀላም፣ ስለዚህ ክሪስፒን ብለን ጻፍን። ክሪስፒን ጃፓን ውስጥ ከጎልደን ዴሊሸስ የተዳቀለ ነው፣ በመጀመሪያ ስሙ ሙትሱ ይባላል። የዚህ ዓይነት ዛፍ ችግሩ ብናኙ ለማንም አይጠቅምም፣ እሱን የሚያዳቅል ሌላ ይፈልጋል፣ እሱ ግን መልሶ አይሰጥም። ማለትም 7ቱ ዛፎች ለ11ዱ አና ምንም አይፈይዱም ነበር፣ ቢያብቡም።

የቀሩት 2 ዛፎች ከጓሮው ጥግ ነበሩ፣ ፍሬ ስላልነበራቸው ስም አልሰጠናቸውም፣ ደብተሩ ላይ "ያልታወቀ" ተብለው ተጻፉ። ይሄ ያስፈልጋል፣ ገምቶ ስም መስጠት ሻጩ ካደረገው አይለይም። በቀጣዩ ዓመት ሲያፈሩ ክብ፣ ጠንካራ፣ ከላይ እስከ ታች አረንጓዴ፣ ነጭ ነጠብጣብ ያለበት፣ በጣም ኮምጣጣና ከሁሉም ዘግይቶ የሚደርስ ሆኖ ተገኘ፣ ግራኒ ስሚዝ። አውስትራሊያ ውስጥ በ1860ዎቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ከተገኘ ጀምሮ በዚህ ቀለሙ የሚታወቅ ነው። እርግጠኛ መሆን የሚፈልግ ሰው በዲኤንኤ ማስለየት ይችላል፣ ለጓሮ ግን ፍሬ እስኪመጣ ጠብቆ በደንብ ማየት ይበቃል።

እንግዲህ ስዕሉ እንዲህ ሆነ፦ 11 አና ቀድሞ ያብባል፣ ብናኝ የሚሰጠው የለም። 7 ክሪስፒን ብናኙ የማይረባ። 2 ግራኒ ስሚዝ ደህና ብናኝ ያለው፣ ግን ጥግ ላይ ያሉና አና ካበበ በኋላ የሚመጡ። 4 ሩትስቶክ። ከ24 ዛፍ በደንብ በጊዜ ተገናኝቶ እርስ በርስ የሚዳቀል ጥንድ የለም። ማዳበሪያ ይሄን እንዴት አድርጎ ያስተካክለዋል? እንዲያውም የተጨመረው ዩሪያ ክሪስፒኖቹን ቅጠልና እንጨት ብቻ እንዲያበዙ ነው ያደረገው።

ሃጂ ግን በወሬ የሚያምኑ ሰው አይደሉም፣ "አሳየኝ" አሉ። ልክ ናቸው። ስለዚህ አንድ አና ላይ ሦስት ቅርንጫፍ መረጥን። አንዱን ሊያብብ ሲል በአሮጌ አጎበር ሸፈንነው ንብ እንዳይገባ። ሁለተኛውን ልጅቷ በትንሽ የቀለም ብሩሽ ከግራኒ ስሚዝ አበባ ብናኝ እየወሰደች አዳቀለችው፣ የግራኒ የመጀመሪያ አበቦች ከአና የመጨረሻዎቹ ጋር ለጥቂት ቀን ተገናኝተው ስለነበር። ሦስተኛውን እንዳለ ተውነው። አጎበር ውስጥ የነበረው ሁለት ትንንሽ ዘር አልባ ፍሬ ያዘ፣ እንዳለ የተተወው እንደ ድሮው፣ በብሩሽ የተዳቀለው ግን ከያዘው ብዛት የተነሳ ፍሬውን ቀንሰን ማሳሳት ነበረብን። ከዛ ቀን በኋላ ባህር ዛፍ የሚባል ነገር አልተነሳም።

መፍትሔው ሁለት ነገር ነበር፣ ብናኝ የሚሰጥ ማምጣትና አበባውን በአንድ ጊዜ እንዲወጣ ማድረግ።

ለመጀመሪያው ዶርሴት ጎልደን መረጥን፣ ምክንያቱም ከአና ጋር እኩል የሚያብብ፣ ቅዝቃዜውም የሚበቃው፣ ፍሬውም ቢጫ ጣፋጭ ሆኖ የሚበላ ስለሆነ። አዲስ ችግኝ ተክሎ ዓመታት ከመጠበቅ ያለውን ዛፍ ግራፍት ማድረግ ይሻላል። ቅርንጫፉ ጨንቻ ካለ፣ ፍሬውን በዓይኑ አይቶ ከሚያውቅ ገበሬ ዛፍ ላይ ተቆርጦ፣ ቅጠሉ ተነቅሎ፣ እርጥብ ጋዜጣ ላይ ተጠቅልሎ በፌስታል መጣ። ታኅሣሥ 2016 ላይ አራቱን ሩትስቶኮች ከየቁጥቋጦው አንድ ቀጥ ያለ ግንድ ብቻ አስቀርተን ሌላውን አጸዳን፣ እርሳስ የሚያህለው ላይ ሁለቱንም በሰያፍ ቆርጠን ቆዳ ከቆዳ ገጥሞ እንዲቀመጥ አድርገን አሰርነው። ግራፍት የሚያደርግ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነው፣ ምላጩ በአልኮል ይጠረጋል፣ ውፍረቱ እኩል ካልሆነ ቢያንስ በአንድ ጎን ቆዳው መግጠም አለበት፣ ማሰሪያው አየር የማያስገባ ይሁን። ከ4ቱ 3ቱ ያዙ። በተጨማሪ በየሦስተኛው አና ላይ አንድ ቅርንጫፍ ዶርሴት አደረግን፣ ፀሐይ የሚያገኘውን የላይኛውን፣ ቀይ ገመድ አስረንበት፣ ምክንያቱም ቆረጣ ላይ ሳያውቁ እሱን ቆርጦ መጣል በጣም ቀላል ነው።

ሁለተኛው ቅጠል ማራገፍ ነው። እኛ አገር ደጋ ላይ አፕል እንደ ፈረንጅ አገር በራሱ ቅጠሉን ጥሎ አይተኛም፣ ስለዚህ አንዱ ቅርንጫፍ ሲያብብ ሌላው ቅጠል ላይ ነው፣ አበባው ተበታትኖ ይወጣል። ኢንዶኔዥያ ውስጥ ማላንግ አካባቢ ባቱ የሚባል ደጋ ላይ ያሉ ገበሬዎች ለዚህ መላ አላቸው፣ ከለቀማ በኋላ ቅጠሉን በእጅ ያራግፉታል፣ ዛፉ ቅጠሉን ያጣ ጊዜ እምቡጡ ይነቃል፣ በዚህ መንገድ በዓመት ሁለቴ ይለቅማሉ። እኛ በዓመት አንዴ ብቻ፣ ዝናቡ ካቆመ በኋላ ኅዳር ላይ አደረግነው፣ አናውንም ዶርሴቱንም በተመሳሳይ ቀን። ቅጠሉን ወደ ላይ መንጨት ነው፣ ወደ ታች ከጎተታችሁት ሥሩ ያለውን እምቡጥ ይዞ ይሄዳል። ከዛ ውሃ አጠጡ። የታመመና የደከመ ዛፍ ላይ ግን እንዳትሞክሩት፣ ምግቡን የሚሠራበትን ነው የምትወስዱበት። ቀጥ ብሎ ሽቅብ የሚሄደውን ቅርንጫፍ ደግሞ በገመድ ወደ ጎን ሳብነው፣ ጋደም ያለ ቅርንጫፍ ይበልጥ ያብባል።

በመጀመሪያው ዓመት ዶርሴቱ ገና አበባ ስላልነበረው አንድ ጊዜያዊ ነገር አደረግን፣ ያበቡ የግራኒ ቅርንጫፎችን ቆርጠን ውሃ የተሞላ ሃይላንድ ውስጥ ከትተን አናዎቹ ላይ አንጠለጠልን። ሁለት ባህላዊ ቀፎም ከጎረቤት መጣ፣ ጅማ ማር የማያውቅ የለም፣ ችግሩ ቀፎው ከአፕሉ ጋር ተያይዞ አለመታሰቡ ነበር። አበባ ላይ ፀረ ተባይ መርጨት ሙሉ በሙሉ ቆመ።

የጠፋም አለ። ከክሪስፒኖቹ አንዱ ክረምት ላይ አንገቱ (ግንዱ ከመሬት የሚገናኝበት) በሰበሰና ሞተ። ጉድጓዱ እንደ አቮካዶ ውሃ እንዲይዝ ጎድጎድ ተደርጎ ነው የተተከለው፣ ግራፍት የተደረገበት ቦታም አፈር ውስጥ ገብቷል። የኛ ዝናብና ቀይ ሸክላ አፈር ላይ ይሄ አደጋ ነው፣ በተለይ ኤም ኤም 106 የሚባለው ሩትስቶክ ሱፍ የመሰለውን የአፕል ተባይ ቢቋቋምም የአንገት መበስበስ ላይ ደካማ ነው። አፈሩ ከፍ ተደርጎ፣ ግራፍቱ ከመሬት ቢያንስ አንድ ስንዝር ያህል ወጥቶ መተከል አለበት። የግራፍቱ ቦታ ሲቀበር ሌላም ጉዳት አለው፣ የላይኛው ክፍል የራሱን ሥር ያወጣና ሩትስቶኩ ዛፉን የማሳጠር ሥራውን ያቆማል፣ ሁለት ክሪስፒን ላይ ይሄንን አይተናል፣ ለዛ ነበር እንደዛ የገዘፉት።

2017 ላይ ዶርሴቶቹ መጀመሪያ አበቡ። ቀይ ገመድ ያለባቸው አናዎችና ከነሱ አጠገብ ያሉት ቀጥ ያለ፣ ያልጎበጠ ፍሬ ይዘው ነበር፣ ስንቆርጠው ስድስት፣ ሰባት፣ ስምንት ዘር። ከዶርሴቱ ራቅ ያሉት ሁለት አናዎች ያነሰ ነው የያዙት፣ እነሱም ላይ ቅርንጫፍ ተጨምሯል። ለቀማውን ለመወሰን ከፋርማሲ አዮዲን ገዝተን የተቆረጠ ፍሬ ላይ ቀባን፣ ስታርቹ ያለበት ይጠቁራል፣ እየበሰለ ሲሄድ ከመሀል ጀምሮ ጥቁሩ ይቀንሳል (የተቀባው አይበላም)። ሃጂ ሙሉ በሙሉ እስኪቀላ መጠበቅ ፈልገው ነበር፣ አና ግን ዛፍ ላይ ከቆየ ዱቄት ዱቄት ይላል፣ ከተለቀመም በኋላ ብዙ አይቆይም፣ ስለዚህ ቶሎ ጅማ ከተማ ህርማታ ገበያ ወርዶ መሸጥ ያለበት ነው። ግራኒ ስሚዝ ግን ቀዝቃዛ ቦታ ላይ ወራት ይቆያል፣ ለዛ ነው ሁለቱ ዛፎች ጥግ ላይ ቢሆኑም እንዳይነኩ ያልነው።

አሁን የየዛፉ ስም ከቆርቆሮ በተቆረጠ ታርጋ ላይ በሚስማር ተጽፎ ተንጠልጥሏል፣ ቀለም ዝናቡ ያጥበዋል። ደብተሩ ላይም የጓሮው ካርታ አለ። ጎረቤቶች ቅርንጫፍ መጠየቅ ጀምረዋል፣ ሃጂ የሚሰጡት ስሙ የተጻፈበት ወረቀት አስረው ነው፣ አና የወሰደ ዶርሴትም ይዞ እንዲሄድ ያስገድዳሉ። የቀሩት 6 ክሪስፒኖች ላይ ገና አልተስማማንም። እኔ ሦስቱን ከላይ ቆርጠን ወደ ዶርሴት እንቀይራቸው ባይ ነኝ፣ ልጅቷ ደግሞ ግራኒ ስሚዝ አጠገባቸው ግራፍት ይደረግና አንድ ዓመት ይታዩ ትላለች፣ ሁለቱ የሚያብቡበት ጊዜ ስለሚቀራረብ። ሃጂ ፍሬው ትልቅ ነው ብለው ከሷ ጋር ቆመዋል፣ ስለዚህ ታኅሣሥ ላይ የግራኒ ቅርንጫፍ እንቆርጣለን።